ንጉሡ ሲነሳ አብሮ የማይነሳ ከተማ

(ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ላይ ለተሰበሰቡ ወጣቶች የተናገርኩት ነው። "ጻፈውና እናንብበው" ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። መድረክ ላይ የረሳሁትን ጨምሬበታለሁ፣ ያበዛሁትን ቀንሻለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅ፣ ጋቢዬን አላወልቅም። ሃያ ሁለት ዓመት አዲስ አበባ ኖሬ ስመለስ ቀድሞ የከዳኝ ገላዬ ነው። ልጅ ሳለሁ ጥር ላይ የበሬሳን ወንዝ ዳር ውርጭ በባዶ እግሬ እየረገጥኩ ውሃ እቀዳ ነበር። አሁን ሁለት ካልሲ ደርቤም እንቀጠቀጣለሁ። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ እንግዳውን እንዲህ ነው የሚቀበለው፣ የገዛ ልጁንም ቢሆን።

አዘጋጆቹ "ስለ ከተማችን መውደቅና መነሳት አውራን" አሉኝ። እኔ ኢኮኖሚስት አይደለሁም። ታሪክ አስተማሪ ነበርኩ፣ አሁን ጡረተኛ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ከተማ ውስጥ እዞራለሁ። እና ዛሬ የማወራችሁ አንዱን ከመጽሐፍ፣ ሌላውን ከእግር ነው።

ከቃሉ ልጀምር። ከተማ የሚለው ቃል ለአያቶቻችን ሕንፃ ማለት አልነበረም። ከተመ ማለት ሰፈረ፣ ድንኳኑን ተከለ ማለት ነው። ንጉሡ የሰፈረበት፣ ጦሩ የሰፈረበት ቦታ ከተማ ይባላል። ንጉሡ ሲነሳ ከተማውም ይነሳል። ጠጅ ጣዩ፣ አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ኮርቻ ሰፊው ጓዙን በአህያ ጭኖ ይከተላል። እዚያው የሚቀሩት ቤተ ክርስቲያኑና ካህናቱ ናቸው፣ ከነሱም ጋር አመድና የምድጃ ድንጋይ።

ሰሜን ሸዋ እንዲህ በቀሩ ከተሞች የተሞላ ነው። በአንድ ቀን በሚኒባስ ዞራችሁ ሦስት ዋና ከተማ መጎብኘት ትችላላችሁ፣ ሦስቱም የሉም!

አንኮበርን ታውቋታላችሁ። ከዚህ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አፋፉ ላይ ስትቆሙ ቆላው እስከ አፋር ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። የሸዋ ነገሥታት እዚያ የተቀመጡት ለመልክዓ ምድሩ ውበት ብለው አልነበረም። ከታች ያለውን የነጋዴዎች የቅፍለት መንገድ ለማየትና ለመቅረጥ ነው። ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ጨርቅና ጨው አልዩ አምባ ገበያ ይራገፋል፣ ከላይ ደግሞ ንጉሡ አለ። የስሙን ነገር ሲተርኩ "የአንኮ በር" ነው ይላሉ ሽማግሌዎች፣ አንኮ የምትባል ሴት በር። በሩን የያዘ ቀረጡን ይይዛል፣ ነገሩ ይኸው ነው። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር በ1834 ዓ.ም. ውል ሲዋዋል አንኮበር ከባሕር ማዶ ሰው የሚመጣባት፣ ስሟ ካርታ ላይ የሚጻፍ ከተማ ነበረች።

ከዚያ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ወጡ። በ1879 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። አንኮበርን ያስቀራት እሳት አይደለም፣ ረሃብ አይደለም፣ ጠላትም አይደለም። ተነሱባት፣ በቃ። ዛሬ የወረዳው መሥሪያ ቤት እንኳ ጎረቤላ ነው ያለው። ኮረብታው ላይ በቤተ መንግሥቱ አምሳል የተሠራ ሎጅ አለ፣ ጥሩ ነው፣ ቡና ጠጥቼበታለሁ። ከሚመጡት ፈረንጆች ግማሾቹ ለቤተ መንግሥቱ ሳይሆን ለወፍ ነው የሚመጡት። ስሟን ከአንኮበር የወሰደች ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፣ ገደል ላይ የምትኖር። መነጽራቸውን ደቅነው ሰዓታት ይጠብቋታል። እኔ እንደ ታሪክ አስተማሪ መጀመሪያ ከፋኝ። በኋላ ሳስበው ወፏ ትበልጣለች፣ እሷ ምኒልክ ሲነሱ አልተነሳችም።

አንጎለላ ሁለተኛዋ ናት። የሣህለ ሥላሴ ሌላው መቀመጫ፣ የምኒልክ የትውልድ አገር። ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. ሲወለዱ አንጎለላ ከአንኮበር ጋር የምትወዳደር ነበረች። አሁን ብትሄዱ ገብስ፣ በግ፣ የፈረስ ኮቴ። የወረዳው ስም አንጎለላና ጠራ ነው፣ ዋና ከተማው ግን ጫጫ። ለምን ጫጫ? ጫጫ መንገድ ዳር ስለሆነች። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛዋ ልቼ ናት፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር። ምኒልክና አጼ ዮሐንስ መጋቢት 1870 ዓ.ም. የታረቁባት ልቼ። የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ ሁሉ "የልቼ ስምምነት" ብሎ ይጠራታል። ክፍል ውስጥ "ልቼ የት ነው?" ብዬ ስጠይቅ ግን የደብረ ብርሃን ልጅ እጁን አያወጣም ነበር። አንዱ ተማሪ "ትግራይ" አለኝ። ልጁ ወደ ቤቱ ሲሄድ ወደ ልቼ በሚወስደው በኩል ነበር የሚያልፈው።

ይቺው የተቀመጥንባት ከተማስ? ዘርዓ ያዕቆብ በ1448 ዓ.ም. ገደማ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየኝ ብሎ ነው የከተመባት። የሃሌ ጅራታም ኮከብ ነው የሚሉ አሉ፣ ጊዜውም ይገጥማል። ቤተ ክርስቲያን ሠራ፣ ቤተ መንግሥት ሠራ፣ የመጨረሻ ዘመኑን እዚህ አሳለፈ። እሱ ሲሞት ግን የእሱ ከተማ ነበረችና ቀዘቀዘች። ከዚያ የ16ኛው መቶ ዘመን ጦርነት መጣ። ከብዙ ዘመን በኋላ የሸዋ መሳፍንት ናቸው መልሰው ያቀኗት። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ስትወድቅና ስትነሳ የመጀመሪያዋ አይደለም። ይሄን የምላችሁ ለማጽናናት አይደለም፣ የበሽታውን ስም ለመንገር ነው። አንድ ንጉሥ ላይ የተደገፈ ከተማ ንጉሡ ሲነሳ ይነሳል።

"ድሮ ነው ይሄ፣ አሁን ንጉሥ የለም" እንዳትሉኝ። አለ። ስሙ ነው የተቀየረው።

ሁለተኛው ንጉሥ አስፋልት ይባላል። ጣልያን ይህን የደሴ መንገድ ሲሠራ፣ ጣርማ በርን ሰርስሮ ወደ ደብረ ሲና ሲያወርደው፣ የሰሜን ሸዋን ከተሞች ዕጣ አብሮ ጻፈው። መንገድ የነካው ጫጫ ኖረ፣ መንገድ ያልነካው አንጎለላ ቀረ። ደብረ ሲና በቆሎ ታወቀ፣ እንዳትስቁ፣ መኪናው ሲቆም በመስኮት የሚገባውን የተቆላ ቆሎ ማለቴ ነው። እኛም ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ነን። ያ ማለት ድሮ ልክ የቁርስ ሰዓት ማለት ነበር።

እናቴ በዚያ ቁርስ ነው ያሳደገችን። የደሴ አውቶብስ ከለሊቱ 11 እና 12 ሰዓት ከአዲስ አበባ ይነሳል፣ ሦስት ሰዓት ላይ እዚህ ይደርሳል። እናቴ በሶ በጥብጣ፣ ዳቦ ቆርሳ፣ ሻይ በትልቁ ጀበና ጥዳ ትጠብቃለች። ነጂውና ረዳቱ በነጻ ይበላሉ፣ ይሄ ያልተጻፈ ሕግ ነው። ሃያ ደቂቃ ነው ሁሉም ነገር። ስድሳ ሰው በአንድ ጊዜ ይወርዳል፣ ስድሳ ሰው በብርድ እጁን እያሸ "ሻይ! ሻይ!" ይላል። እኔና እህቴ ብርጭቆ እናጥባለን። ውሃው እንደ መርፌ ነው የሚወጋው። ከዚያ ጥሩንባ፣ ጭስ፣ ዝምታ። እስከ ነገ ሦስት ሰዓት።

ያ አውቶብስ አንድ ቀን አቆመ አልልም። ቀስ በቀስ ነው የቀረው። መንገዱ ተሻሻለ፣ መኪናው ፈጠነ፣ አባዱላ መጣ፣ ነጂው "ደብረ ሲና እንበላለን" ማለት ጀመረ። እናቴ ለአንድ ዓመት ያህል ያንኑ ያህል በሶ ትበጠብጥ ነበር። የተረፈውን እኛ እንበላለን። በመጨረሻ አንድ ማለዳ ትልቁን ጀበና አጥባ መደርደሪያ ላይ ሰቀለችው። ምንም አላለችም። እኔ የከተማ መውደቅ ሲባል ትዝ የሚለኝ እሱ ጀበና ነው እንጂ የፈረሰ ሕንፃ አይደለም።

የኔ ትውልድ ከዚያ በኋላ ተበተነ። 12ኛ ክፍል መጨረስ ማለት መሄድ ማለት ነበር። ያልሄደ ሰው "ምን ሆኖ ነው?" ይባላል፣ እንደ ታመመ። እኔም ሄድኩ። ለበዓል ስመጣ ከተማዋ ያንኑ የኩበት ጭስ ታጨሳለች፣ ያንኑ ጋሪ ትነዳለች፣ አረቄዋም ያው ነው፣ አረቄው እንኳ ምንም አልጎደለበትም።

ሦስተኛው ንጉሥ ፋብሪካ ነው። እናንተ የምታውቁት እሱን ነው፣ ከሱ ጋር ነው ያደጋችሁት። መጀመሪያ በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው መጣ። ከዚያ ሐበሻና ዳሽን ቢራ ተከታትለው ፋብሪካቸውን ከፈቱ። በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። የ1999ኙ ቆጠራ የከተማዋን ሕዝብ 65 ሺህ ብሎ ነበር፣ አሁን ጠባሴ ሰፈርን ብቻ ያየ ያንን ቁጥር አያምንም። ቆይቶም ሪጂዮ ፖሊታን፣ ትልቅ የክልል ከተማ እንደማለት፣ የሚል ማዕረግ ተሰጠን። እኔ ቃሉን ለመልመድ ሁለት ወር ፈጀብኝ፣ ጎረቤቴ እትዬ ደግሞ እስካሁን "ሬዲዮ ፖሊስ" ነው የሚሏት።

በዚያ ጊዜ የመጣ እንግዳ "ደብረ ብርሃን ተነሳች" ቢል አይፈረድበትም። እኔም ብያለሁ። ጓዜን ጠቅልዬ የተመለስኩት በዚያ ሙቀት ነው። ግን የታሪክ አስተማሪ ክፉ አመል አለበት፣ ቤተ መንግሥት ባየ ቁጥር "መቼ ነው የሚነሳው?" ብሎ ይጠይቃል።

መልሱ አልቆየም። ህዳር 2014 ጦርነቱ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ እዚህ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ሱቅ ተዘግቶ፣ ሰው ፍራሽ በአይሱዙ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ። ገና ከዚያ ሳናገግም ታኅሣሥ ላይ አሜሪካ ከአጎዋ ሰረዘችን። አጎዋ ማለት የኛ ልብስ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት በር ነበር፣ እንግዲህ የአንኮ በር እዚህም አለች። በሩ ሲዘጋ ብዙ የአገሪቱ አልባሳት ፋብሪካዎች ተንገዳገዱ። ያን ጊዜ ሥራ የቀነሰውን የነገረኝ ሪፖርት አይደለም፣ ከፓርኩ መንገድ ዳር ጉሊት የምትቸረችር ሴት ናት። ሠራተኞቹ ልጃገረዶች ማታ ሲወጡ አራት አምስት ሆነው ግማሽ ኪሎ ቲማቲም፣ አንድ ሽንኩርት፣ የሃያ ብር ዘይት ይገዙ ነበር። "ወር ሲገባ አውቀው ነበር ጋሼ፣ ቃሪያው ከሁሉ ቀድሞ ያልቃል" አለችኝ። "አሁን ወር መቼ እንደሚገባ ጠፋኝ።" ከዚያ ወዲህ ደግሞ መንገድ የተዘጋባቸው ሳምንታት አሉ፣ እሱን ለናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ይሄን ሁሉ ሰምታችሁ "ታዲያ ምኑ ነው የተነሳው?" ብትሉ ትክክል ናችሁ። እኔም አንድ ሰሞን ጓዜን መልሼ ልጠቀልል ነበር። ያስቀረኝ ነገር አንድ አይደለም፣ ተራ ተራ ነገር ነው፣ ሰብሰብ አድርጌ ልንገራችሁ።

አንደኛው ገብስ ነው። ገብስ የኛ ነው፣ ከዘርዓ ያዕቆብም በፊት የኛ ነው። ለበሶ፣ ለቆሎ፣ ለጠላ፣ ለአረቄ። ቢራ ፋብሪካዎቹ ሲመጡ ግን መጀመሪያ ገበሬው ከአጥር ውጭ ቆሞ ነው ያየው። አሁን የብቅል ገብስ ይዘራል፣ የብቅል ፋብሪካም እዚሁ ተተክሏል። አስቡት፣ ገብሱ ባሶና ወራና ወይም አንጎለላ ላይ ይበቅላል፣ እዚህ ብቅል ይሆናል፣ እዚህ ይጠመቃል። በየመሀሉ ጆንያ የሚሰፋ አለ፣ የሚጭን አለ፣ የሚመዝን አለ፣ ሚዛን የሚሰርቅም አለ፣ እሱም ኗሪ ነው። አንጎለላ ምኒልክ ከተነሱባት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከከተማ ጋር የተገናኘችው በገብስ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ገብስ አጎዋ አያውቅም። ዋጋው ይወድቃል፣ ውርጭ ይመታዋል፣ ገበሬው በደላላ ይማረራል፣ ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ተነሥቶ ግን አይሄድም።

ሱፉ ላይ ግን ተናድጃለሁ፣ ልደብቃችሁ አልችልም። መንዝ ማለት በግ ማለት ነው። አያቴ በእንዝርት ሱፍ ስትፈትል ነው የማስታውሳት፣ ባና እና ዝተት የሚባሉ የሱፍ ልብሶች እየለበስን ነው ያደግነው። በንጉሡ ዘመን የብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ምንጣፋችን በአገር የታወቀ ነው። ዛሬ ግን ገበያ ብትወጡ ተደርድሮ የምታዩት ከሩቅ አገር የመጣ፣ ነብር የተሳለበት የላስቲክ ብርድ ልብስ ነው። በበግ አገር ቁጭ ብለን ነብር ለብሰን እንተኛለን። የመንዝ በርኖስ ዛሬ የሚለበሰው ለባህል ትርኢት ነው። ከናንተ አንዱ፣ ይሄን ሱፍ አለስልሶ ዘመናዊ ሰው የሚለብሰው ነገር የሚያደርገው ልጅ የት አለ? አዳራሹ ውስጥ ሁለት ሴት ልጆች እጅ አውጥተው "ጀምረናል" አሉኝ። ሦስት ሻርፕ ይዘው መጥተው ነበር። አንዱን ገዛሁ፣ ይቧጥጣል፣ ግን ይሞቃል።

ሌላው፣ የመጡብን ሰዎች ናቸው። ከወለጋ ተፈናቅለው ቻይና ካምፕና ባቄሎ ስለሰፈሩት ወገኖቻችን ስናወራ ሁሌም ስለ እርዳታ ነው። ልክ ነው፣ ኑሯቸው ያስለቅሳል፣ ይሄን ማሳመር ነውር ነው። ግን እኔ በምኖርበት ሰፈር ጠዋት እንጀራ የምታከፋፍለው አንዷ ተፈናቃይ ናት። የወለጋ ሰው ነኝና ቡና አፈላሌ ልዩ ነው ብላ ከሰዓት ቡና ታፈላለች። ድሮ የኛ ሰፈር ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ድፍን ጨለማ ነበር። አሁን የእሷ አምፖል እስከ ሦስት ሰዓት ይበራል። በሷ ብርሃን ደግሞ አንድ ልጅ የሞባይል ካርድ ይሸጣል፣ ከካርዱ ጎን ቆሎ አለ። ንጉሥ አልጠራቸውም። ራሳቸው ከተሙ።

እኔ ታዲያ አሁን የከተማዬን ጤና የምለካበት የራሴ ቴርሞሜትር አለኝ፣ ብየዳ ቤት። ሰው ቤት ሲሠራ መጀመሪያ ብሎኬት ይገዛል፣ ብሎኬት ግን ያታልላል፣ ለዓመታት ተደርድሮ ሣር ሊበቅልበት ይችላል። በር የሚያሠራ ሰው ግን ሊገባ ነው። ስለዚህ ከተማ ስዞር የብየዳ ብልጭታ እቆጥራለሁ። ክፉ ሰሞን አንድ ሁለት ነው፣ ባለሙያው በር ላይ ቁጭ ብሎ ዳማ ይጫወታል። ደህና ሰሞን ዓይን ያጠፋል።

ባለፈው ሳምንት አንዱ ቤት ቆምኩ። ልጁን አስተምሬዋለሁ፣ ታሪክ ላይ ጎበዝ አልነበረም፣ ልቼን ትግራይ ያለኝ ይሄው ነው። ስድስት በር ግድግዳ ላይ ተደግፏል፣ ገና ቀለም አልተቀባም። "የት የሚገባ ነው? ጠባሴ?" አልኩት። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለና "አይ ጋሼ፣ አጣዬ" አለኝ።

ያቺ የሰሜን ሸዋ ከተማ፣ አጣዬ፣ ሚያዝያ 2013 ላይ ስትቃጠል ያየናትን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚያም በኋላ እፎይ አላለችም። ስድስቱም በር የአንድ ሰው አይደለም፣ ጎረቤታሞች ተሰባስበው በአንድ አይሱዙ እንዲሄድላቸው ነው ያዘዙት፣ የማጓጓዣ ለመቆጠብ። ልኩን በስልክ ነው የነገሩት። ሲሚንቶ ከረጢት ጀርባ ላይ በእርሳስ ጽፎታል፣ 90 በ210፣ 90 በ210፣ አንዱ ብቻ 120 በ210። "ይሄ ሰፊው ምንድነው?" አልኩት።

"ሱቅ ነው" አለኝ። "ሴትየዋ ሦስት ጊዜ ደውላለች። መቀርቀሪያው ከውስጥም ከውጭም ይሁንልኝ፣ ቀለሙ ደግሞ ሰማያዊ፣ እንደ በፊቱ ብላኛለች።"

መነጽሩን መለሰና ብየዳውን ቀጠለ። "ዞር በል ጋሼ፣ ዓይንህን" አለኝ።